ሁለት ይጨመር ወይስ በአንድ ተኩል ይባዛ? የወደረኝነት አስተሳሰብ በክፍል ውስጥና ከክፍል ውጭ

እስቲ ቀላል ከሚመስል አንድ ጥያቄ እንነሣ። በአንድ ወረቀት ላይ «አቶ አጭር» የተባለ ሰው ሥዕል አለ እንበል። ከእግሩ እስከ ራሱ ትልልቅ የልብስ ቁልፎች ተደርድረው ቁመቱ ሲለካ 4 ቁልፍ ሆነ። አቶ አጭር በሥዕሉ ላይ የማይታይ «አቶ ረጅም» የተባለ ጓደኛ አለው፤ የእርሱ ቁመት በእነዚያው ቁልፎች ሲለካ 6 ቁልፍ ነው። አሁን ቁልፎቹን አንሥተን አቶ አጭርን በወረቀት ክሊፕ ብንለካው ቁመቱ 6 ክሊፕ ሆኖ ተገኘ። አቶ ረጅም በክሊፕ ቢለካ ቁመቱ ስንት ክሊፕ ይሆናል?

አንባቢ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ከመሸጋገሩ በፊት መልሱን በገጹ ጠርዝ ላይ ጽፎ ቢያስቀምጥ መልካም ነው። ወደ መልሱ ያደረሰውን ምክንያት አብሮ ቢጽፍ ደግሞ ይበልጥ መልካም ይሆናል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱ ነውና።

ትክክለኛው መልስ 9 ነው። አቶ ረጅም በቁልፍ ሲለካ የአቶ አጭር አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ መለኪያው ስለ ተለወጠ ሰዎቹ አልተለወጡምና በክሊፕም ሲለካ አንድ ተኩል እጥፍ መሆን አለበት። የ6 አንድ ተኩል እጥፍ 9 ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የቀረበላቸው እጅግ ብዙ ተማሪዎች 8 ብለው ይመልሳሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁም ያለ ማመንታት ያስረዳሉ፤ «አቶ ረጅም በቁልፍ ሲለካ በ2 ይበልጣል፤ ስለዚህ በክሊፕም በ2 ይበልጣል፤ 6 ሲደመር 2፣ 8።»

መልሱ ስሕተት ነው። ነገር ግን በዘፈቀደ የተጣለ ቁጥር አይደለም። የራሱ ሕግ አለው፤ ያንን ሕግ የሚከተል ተማሪም ሕጉን በሥርዓት ይከተላል። ከመደመር ወደ ማባዛት የሚደረገው የአስተሳሰብ ሽግግር ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት ዓመታት ተማሪዎች ከሚያጋጥሟቸው ሽግግሮች ሁሉ ከባዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፐርሰንት፣ የካርታ መስፈርት፣ ፍጥነት፣ እፍጋት፣ የኬሚካል ውሑድ መጠን፣ የትሪጎኖሜትሪ ጥምርታዎች፣ ሁሉም የሚቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ከአቶም ወደ ሕፃናት የተሻገረው ፊዚሲስት

የአቶ አጭርንና የአቶ ረጅምን ጥያቄ የትምህርት ጥናት መሣሪያ ያደረገው ሮበርት ካርፕለስ የተባለ ሰው ነበር። ካርፕለስ እ.ኤ.አ. በ1927 በቪየና ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ የቲዎሪ ፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ አስተምሯል። ሴት ልጁ በምትማርበት ክፍል ተገኝቶ ስለ ሳይንስ ለሕፃናት ለማስረዳት ከሞከረ በኋላ ትኩረቱ ከአቶም ቅንጣቶች ወደ ልጆች አስተሳሰብ ዞረ። ቀሪውን የሥራ ዘመኑንም በአብዛኛው ለሳይንስና ለሒሳብ ትምህርት ሰጠ፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ከእርሱ ቀደም ብሎ የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ከሥራ ባልደረባው ከቤርቤል ኢንሄልደር ጋር ባሳተመው ሥራ፣ ወደርን የመረዳት ችሎታ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ ከሚታየው ረቂቅ አስተሳሰብ ጋር አብሮ የሚበስል መሆኑን አስረድቶ ነበር። ካርፕለስ ይህን ለመፈተን ከ1970 ጀምሮ ሁለቱን ሰዎች ይዞ ወደ ክፍሎች ገባ። ያገኘው ውጤት ግን ዕድሜ ብቻውን ሥራውን እንደማይሠራ የሚያመለክት ነበር። የመደመር ስልት በሕፃናት ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ዘንድ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው የሰባት አገሮች ንጽጽርም ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል።

ከዚህ ላይ ስለ ካርፕለስ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ከኖርማን ክሮል ጋር የኤሌክትሮንን ማግኔታዊ ባሕርይ የሚመለከት እጅግ ውስብስብ ስሌት አሳትሞ ነበር። ስሌቱ በዘመኑ ታላቅ ሥራ ተብሎ ቢደነቅም፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ሌሎች ሊቃውንት እንደገና ሲሠሩት ስሕተት ተገኘበት። መንገዱ ትክክል ሆኖ ሳለ በመካከሉ የተሳሳተ ስሌት ገብቶ ነበር። የልጆችን የተሳሳተ መልስ አንሥቶ «ይህ ልጅ ወደዚህ የደረሰው በየት በኩል ነው?» ብሎ በትዕግሥት የጠየቀው ሰው፣ ስሕተት ከሊቃውንት ቤትም እንደማይጠፋ በራሱ ሥራ ያወቀ ሰው ነበር።

የሲሶው ምሥጢር

ለመሆኑ ወደር ማለት ምን ማለት ነው? ሁለት መጠኖችን በማካፈል ስናነጻጽር የምናገኘው ውጤት ጥምርታ ይባላል፤ 6 ቁልፍ ለ4 ቁልፍ ብለን ስናነጻጽር 3 ለ2 የሚል ጥምርታ እናገኛለን። ሁለት ጥምርታዎች እኩል ሲሆኑ ደግሞ ወደር ፈጠሩ እንላለን። 6 ለ4 እና 9 ለ6 ወደር ናቸው።

ይህ ሐሳብ ከመማሪያ መጻሕፍት ጋር ወደ አገራችን የመጣ እንግዳ አይደለም። እኩሌታ፣ ሲሶና እርቦ የሚሉት ቃላት ለብዙ ዘመን በመሬትና በምርት ክፍፍል ሲያገለግሉ ኖረዋል። አንድ ገበሬ ከምርቱ ሲሶውን ለባለመሬቱ ሊሰጥ ተስማማ እንበል። ምርቱ 12 ኩንታል ከሆነ 4 ኩንታል ይሰጣል። ምርቱ 30 ኩንታል ከሆነ 10 ይሰጣል። ምርቱ 3 ኩንታል ብቻ ከሆነ 1 ይሰጣል። አዝመራው ፈጽሞ ከጠፋ ደግሞ የሚሰጠው የለም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ምን ተለወጠ? ምን ጸና? በምርቱና በሚሰጠው መካከል ያለው ልዩነት በመጀመሪያው ጊዜ 8 ኩንታል፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 2 ነው፤ በየጊዜው ይለዋወጣል። የጸናው ጥምርታው ብቻ ነው፤ የሚሰጠው ሁልጊዜ የምርቱ ሲሶ ነው። «ሲሶ» የሚለው ቃል ራሱ የውሉ ቋሚ ቁጥር ነው። ምርቱን በ«ሀ»፣ የሚሰጠውን በ«ለ» ብንወክል፣ ለ = ሀ × 1/3 ይሆናል። ይህን የመሰለ ዝምድና ርቱዕ ወደር ይባላል።

ግንኙነቱን በግራፍ ብናሰፍረው ቀጥተኛ መስመር እናገኛለን፤ መስመሩም በመነሻ ነጥቡ፣ ማለትም ሁለቱም መጠኖች 0 በሚሆኑበት ቦታ፣ ያልፋል። ይህ የመጨረሻው ባሕርይ በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ይዘነጋል። ገበሬው የሚሰጠው ሲሶ መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ 2 ኩንታል ቋሚ ግብርና ከዚያም በላይ የምርቱን እርቦ ቢሆን ኖሮ፣ ግራፉ አሁንም ቀጥተኛ መስመር ይሆን ነበር፤ ወደር ግን አይሆንም። ምርቱ እጥፍ ሲሆን ክፍያው እጥፍ አይሆንምና። ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ የሚታሰብበት የመብራት ወይም የውኃ ሒሳብም እንደዚሁ ነው፤ ፍጆታን በግማሽ መቀነስ ሒሳቡን በትክክል በግማሽ አይቀንሰውም።

በሌላ በኩል አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስበት ዝምድና አለ። 4 ሠራተኞች አንድን ቦይ በ6 ቀን የሚቆፍሩ ከሆነ፣ በዚያው ፍጥነት የሚሠሩ 8 ሠራተኞች በ3 ቀን ይጨርሱታል። እዚህ ላይ የሚጸናው ጥምርታው ሳይሆን ብዜቱ ነው፤ 4 ጊዜ 6 እና 8 ጊዜ 3 ሁለቱም 24 ናቸው። ይህ ኢርቱዕ ወደር ይባላል።

የሰው ልጅ ይህን ዓይነት ስሌት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከ3,500 ዓመታት በፊት በግብፅ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ የገለበጣቸው የሒሳብ ጥያቄዎች ከአንድ መስፈሪያ እህል ስንት ዳቦና ስንት ጠላ እንደሚወጣ ያሰላሉ። በ499 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራውን የጻፈው ሕንዳዊው አርያባታ ደግሞ ሦስት የታወቁ ቁጥሮችን ይዞ አራተኛውን የማግኛውን ዘዴ በአጭሩ ደንግጓል። ይህ «የሦስት ሕግ» የተባለው ዘዴ በነጋዴዎች አማካይነት ከአገር አገር ሲጓዝ ኖሮ ዛሬ በክፍላችን የምናውቀው መስቀለኛ ብዜት ሆኗል።

የኮኮናት ሻጩ ልጅ

መስቀለኛ ብዜት ኃይለኛ መሣሪያ ነው። ችግሩ ተማሪው ቁጥሮቹን በአራቱ ማዕዘን ከደረደረ በኋላ ስለ ሁኔታው ማሰብ ማቆሙ ነው። ለመሆኑ ቀመሩን የማያውቅ ሰው ወደርን እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቴሬዚኛ ኑኔስ፣ አናሉሲያ ሽሊማንና ዴቪድ ካራሄር የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚል በሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ ከሚነግዱ ልጆች ዘንድ እንደ ገዢ ሆነው ቀረቡ። አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ኮኮናት ይሸጥ ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 35 ክሩዜሮ ነው። ተመራማሪው 10 እንደሚፈልግ ገልጾ ዋጋውን ጠየቀ። በትምህርት ቤት የተማረ ሰው 35 ላይ አንድ ዜሮ ጨምሮ ይጨርሰዋል። ልጁ ግን በቃሉ የሚያውቀውን የሦስት ኮኮናት ዋጋ ያዘ፤ ሦስቱ 105 ናቸው፤ ሌላ ሦስት ሲጨመር 210፤ ሌላ ሦስት ሲጨመር 315፤ አንድ ይቀራል፤ 350።

ይህ ስልት መደመር ይመስላል። ሆኖም ከ«8 ክሊፕ» መደመር ጋር አንድ አይደለም። ልጁ ኮኮናት በጨመረ ቁጥር ተመጣጣኙን ገንዘብ አብሮ ይጨምራል፤ ሦስት ኮኮናትና 105 ክሩዜሮ ተቆራኝተው ይጓዛሉ። ሁለቱ መጠኖች ፈጽሞ አይለያዩም። ይህ የወደር አስተሳሰብ ነው፤ ቀመሩ ብቻ ነው የጎደለው።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎቹ በመንገድ ላይ ከተሠሩት ጋር ተመሳሳይ የሆኑ ስሌቶችን ለአምስት ልጆች በወረቀት አቀረቡላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ታተመ። ልጆቹ በገበያ ላይ 98 ከመቶ የሚሆነውን በትክክል ሲሠሩ፣ በቃላት በቀረቡ የወረቀት ጥያቄዎች 74 ከመቶ ገደማ፣ ከማናቸውም ሁኔታ በተነጠሉ ባዶ ስሌቶች ግን 37 ከመቶ ገደማ ብቻ አገኙ። እነዚያው ልጆች፣ እነዚያው የስሌት ዓይነቶች! በሸቀጡ ላይ የማይሳሳተው ልጅ በወረቀቱ ላይ «ደካማ ተማሪ» ሆነ። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በጉሊት ዳር ቆሞ መልስ የሚቆጥር ልጅ ያየ ሰው ውጤቱ አያስደንቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ አገር በካትሊን ሃርት አማካይነት የታተመው ሰፊ ጥናትም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አሳይቷል። ለ8 ሰው የሚሆን የሽንኩርት ሾርባ አሠራር ተሰጥቷቸው ለ6 ሰው እንዲያሰሉ የተጠየቁ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የተማሩትን ቀመር አይጠቀሙም ነበር። ለ4 ሰው ግማሹ ነው፤ ለ2 ሰው የግማሹ ግማሽ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ የ6 ሰው ይሆናል እያሉ ይሠሩ ነበር። ይህ መንገድ ቁጥሮቹ ምቹ ሲሆኑ ያደርሳል። ቁጥሮቹ በግማሽ በግማሽ ሲከፈሉ የማይገጥሙ ሲሆኑ ግን ብዙዎቹ ወደ ልዩነት መደመር ይመለሳሉ። መምህር ሊያስተውለው የሚገባው ድንበር ይህ ነው። ተማሪው ከዚህ ድንበር ወዲህ ያለውን አገር በሚገባ ያውቀዋል፤ የሚያስፈልገው መሻገሪያ ድልድይ ነው።

የማይገጥመው የወረቀት ቁራጭ

ድልድዩን ለመሥራት ከተሞከሩት ዘዴዎች ሁሉ ምናልባት እጅግ ብልሃት ያለበት የፈረንሳዩ ጊ ብሩሶ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 2024 የኖረው ብሩሶ በቦርዶ አቅራቢያ ከመምህራን ጋር ለብዙ ዓመታት የሠራ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም አቀፉ የሒሳብ ትምህርት ኮሚሽን የፌሊክስ ክላይን ሜዳልያ የተሸለመ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከተለያዩ ቁራጮች የተገጣጠመ አራት ማዕዘን ይሰጣቸዋል። «በዚህኛው 4 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጎን በእናንተ ሥራ 7 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አድርጋችሁ ሙሉውን አሳድጉት» ይባላሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ቁራጭ ለብቻው ይሠራል። አብዛኞቹ ያለ ጥርጥር በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ይጨምራሉ። ቁራጮቹን ሰብስበው ሲገጣጥሙ ግን አልገጥም ይላሉ። መጀመሪያ እርስ በርስ ይወቃቀሳሉ፤ አንዱ ሌላውን በትክክል አልቆረጥህም ይለዋል። እንደገና ይለካሉ፤ እንደገና ይቆርጣሉ፤ እንደገና አይገጥምም። መምህሩ «ተሳስታችኋል» አላለም። ተሳስታችኋል ያለው ወረቀቱ ነው።

አንባቢ ይህን በቤቱ በሁለት ረድፍ ሊሞክረው ይችላል። በታችኛው ረድፍ 4 ሳንቲ ሜትርና 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ በላይኛው ረድፍ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቁራጭ ይቀመጥ። 4 እና 6 ሲደመሩ 10 ስለሆኑ ሁለቱ ረድፎች ይገጥማሉ። አሁን በእያንዳንዱ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር እንጨምር። ታችኞቹ 7 እና 9፣ በድምሩ 16 ይሆናሉ፤ ላይኛው ግን 13 ብቻ ነው። የ3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተፈጠረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ታች ሁለት ጊዜ የተጨመረው 3፣ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጨመረው።

በመደመር ፋንታ እያንዳንዱን በ7/4 ብናባዛውስ? ታችኞቹ 7 እና 10.5፣ በድምሩ 17.5 ይሆናሉ። ላይኛው 10 ጊዜ 7/4፣ እርሱም 17.5 ነው። ገጠመ! እንግዲህ ማባዛት የሚያስፈልገው መጽሐፉ ስላዘዘ አይደለም። ክፍሎችን ሲያሳድጉ ሙሉውም አብሮ እንዲገጥም የሚያደርገው ማባዛት ስለሆነ ነው። የኮኮናቱ ልጅ ሦስት ሦስት እያለ ቆጥሮ ትክክለኛ ዋጋ ላይ የደረሰውም በዚሁ ባሕርይ ምክንያት ነው፤ የክፍሎቹ ዋጋ ድምር የሙሉው ዋጋ ነው።

ቀመሩ ያለ ቦታው ሲገባ

እስከ አሁን ድረስ አደጋው መደመር ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ማባዛትን የተማረ ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የሚከተለውን ጥያቄ እንመልከት። ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ሜዳ ዙሪያ በእኩል ፍጥነት ይሮጣሉ። አንደኛዋ ቀድማ ጀምራለች። የመጀመሪያዋ 9 ዙር ስትጨርስ ሁለተኛዋ 3 ዙር ጨርሳለች። ሁለተኛዋ 15 ዙር ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ስንት ዙር ትጨርሳለች?

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በታተመ ጽሑፍ ላይ እንደተገለጸው፣ ይህ ጥያቄ ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት በመሠልጠን ላይ ለነበሩ 33 ሰዎች ቀርቦ 32ቱ 9 ለ3፣ ስንት ለ15 የሚል ወደር መሥርተው 45 ብለው መለሱ። ፍጥነታቸው እኩል ከሆነ ግን በመካከላቸው ያለው የ6 ዙር ልዩነት ሊሰፋም ሊጠብም አይችልም። መልሱ 21 ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው፣ ስለ አቶ ረጅም ሲጠየቅ ስሕተት የነበረው፣ ያው መደመር ነው።

በቤልጅየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ቪም ቫን ዶረን፣ ዲርክ ደ ቦክና ሊቨን ፈርሻፈል ይህን ዝንባሌ በስፋት አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች የወደር ጥያቄዎችን የመፍታት ችሎታቸው ባደገ ቁጥር ወደር ባልሆኑ ጥያቄዎች ላይም ወደርን የመጠቀም ልማዳቸው ለተወሰኑ ዓመታት አብሮ እንደሚያድግ አሳይተዋል። አዲስ መዶሻ የገዛ ሰው ሁሉም ነገር ሚስማር እንደሚመስለው ማለት ነው።

ሌላው ጥያቄያቸው ደግሞ ይህን ይመስላል። አንድ ገበሬ ጎኑ 200 ሜትር በሆነ ካሬ መሬት ላይ ፍግ ለመበተን 8 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ጎኑ 600 ሜትር ለሆነ ካሬ መሬት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ከተጠየቁት ተማሪዎች አብዛኞቹ 24 ብለው መለሱ። ጎኑ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ ግን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ መልሱ 72 ሰዓት ነው። አፍላጦን በጻፈው «ሜኖን» በተባለው ምልልስ ውስጥም ሶቅራጥስ የካሬውን ስፋት እጥፍ እንዲያደርግ የጠየቀው አገልጋይ ልጅ መጀመሪያ የመለሰው ጎኑን እጥፍ በማድረግ ነበር። ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ፣ የአንድ እንስሳ ቁመት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ በስምንት እጥፍ፣ የአጥንቱ የውፍረት ስፋት ግን በአራት እጥፍ ብቻ ስለሚያድግ፣ ግዙፍ እንስሳ የትንሹን እንስሳ ቅርጽ እንደ ያዘ ሊቆም እንደማይችል አስረድቷል። የዝሆን እግር ከፍየል እግር ይልቅ በቅርጹ የደነደነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር

ይህ ሁሉ የክፍል ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። እንዳልሆነ ለማየት ከየጤና ጣቢያው የሚሰጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ማንሣት ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚመክረው ቅንብር ለ1 ሊትር ውኃ የሚሆነው ፓኬት 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የምግብ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት፣ በድምሩ 20.5 ግራም ይዟል። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበትን ሕፃን የሚያድነው ዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱና ውኃው ያላቸው ጥምርታ ነው።

በቤት ውስጥ ያለው ማሰሮ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢይዝና ሙሉው ፓኬት ቢገባበት የጨው መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ለሕፃኑ አደገኛ ነው። ሁለት ሊትር ውስጥ ቢበተን ደግሞ ውኃው ይቀጥንና ጥቅሙ ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን መመሪያ ለቤተሰቡ አንብቦ የሚያስረዳው የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ ነው። 200 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ አንድ ሊትር ለመሙላት 5 ብርጭቆ እንደሚያስፈልግ ማወቅ፣ ውኃው ሲያንስ ዱቄቱን እንዳለ መጨመር ስሕተት መሆኑን መረዳት፣ ይህ የወደር ትምህርት ነው። በዱቄቱ መከፋፈል ላይ እንዳይሳሳቱም ባለሙያዎች የሚመክሩት ሙሉውን ፓኬት በሙሉ ሊትር መበጥበጥ ነው። ለሕፃናት በክብደት የሚታዘዝ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በአንድ ኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 150፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን 300 ሚሊ ግራም ይሆናል። «ክብደቱ በ10 በለጠ፤ መድኃኒቱም በ10 ይብለጥ» የሚል ስሌት 160 ላይ ያደርሳል፤ ሁለተኛው ልጅ ከሚያስፈልገው ግማሹን ያህል ብቻ ያገኛል።

ከስሌቱ በፊት

ከላይ ከተነሡት ነገሮች ለተማሪም ለአስተማሪም የሚጠቅሙ ጥቂት ልማዶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ቀመር ከመጻፍ በፊት «አንዱ እጥፍ ቢሆን ሌላውም እጥፍ ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው «አንዱ 0 ቢሆን ሌላውም 0 ይሆናል?» የሚለው ነው። ሲሶ ከፋዩ ገበሬ ሁለቱንም ፈተናዎች ያልፋል። ሯጮቹ ያንዱንም አያልፉም፤ ሁለተኛዋ ገና 0 ዙር ላይ ሳለች የመጀመሪያዋ 6 ዙር ጨርሳለች። ሦስተኛው ልማድ ከሁለቱ መጠኖች የተወሰኑ ጥንዶችን በሠንጠረዥ ማስፈርና ልዩነቱ፣ ጥምርታው ወይስ ብዜቱ የሚጸናው የትኛው እንደሆነ መመልከት ነው። መስቀለኛ ብዜት ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢመጣ ሥራን ያፋጥናል፤ ከዚህ በፊት ከመጣ ግን ማሰብን ይተካል።

አራተኛው ልማድ በተለይ ታናናሾቹን ለሚያስጠና ተማሪ የሚሆን ነው። ወደ አቶ አጭርና ወደ አቶ ረጅም እንመለስ። አንድ ልጅ «8» ብሎ ቢመልስ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዝ ወይም «9 ነው» ብሎ ከመንገር በፊት አንድ አጭር ጥያቄ ይቅረብለት፤ «በሁለት ይበልጣል ብለሃል፤ ሁለት ምን?»

ልጁ ጥቂት ካሰበ ሁለት ቁልፍ እንደሆነ ይናገራል። አንዱ ቁልፍ ስንት ክሊፕ ያህላል? 4 ቁልፍ 6 ክሊፕ ከሆነ፣ አንዱ ቁልፍ አንድ ተኩል ክሊፕ ነው። እንግዲያውስ ሁለቱ ቁልፍ ሦስት ክሊፕ ነው፤ 6 እና 3 ደግሞ 9። ልጁ የጀመረው መደመር ተጥሎ አልቀረም፤ መለኪያውን ይዞ ሲሄድ ወደ ትክክለኛው መልስ አደረሰው። በገጹ ጠርዝ ላይ 8 ብሎ የጻፈ አንባቢም ካለ፣ ቁጥሩን ከመሰረዙ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርብ መንገዱ የተሳተው በየት በኩል እንደሆነ ያገኘዋል።